ሁለተኛው ስንኝ

ሱሪው ላይ እንፋሎት እየለቀቀች፣ እጥፉን በአውራ ጣቷ እየተከተለች ሳለ የላውንደሪው የጓሮ በር ተገፋና ሸካራው አንድ ትልቅ ፌስታል ታቅፎ ገባ። ፌስታሉ ውስጥ አንሶላ እንዳለ ሳይፈታው አወቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቱን አንሶላ ያመጣል፤ እሷም ከሆቴሎቹ አንሶላ ጋር ደባልቃ ታጥብለታለች። የላውንደሪው ባለቤት ነገሩን ታውቃለች፤ ግን አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ሌላ ጊዜ ፌስታሉን አስቀምጦ፣ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ይሄዳል። ዛሬ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዘፋኝ በነበረበት ዘመን ስንት ሰው ፊት ቆሞ እጁን የሚያደርግበት ሲጠፋው አይታ አታውቅም። አሁን ጠፍቶታል።

"ሥራ አስፈታሁሽ መሰለኝ" አለ።

"ሥራ የያዘው እጄን ነው። ጆሮዬ ባዶ ነው፣ ተናገር።"

"አባዬ ነገ ልምጣ አለ።"

"የት?"

"እናንተ ዘንድ ነዋ። ዝግጅቱ ላይ።"

መተኮሻውን ወደ ማስቀመጫው መለሰችው።

በሰፈሩ ካውያ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ራሱ ሸካራው ነው፤ ልብስ ስትተኩስም ድራም ስትመታም ክንዷ ያው ነው፣ ይጫናል፣ ያቃጥላል ብሎ። እሱን ደግሞ ሸካራው ያሰኘው ድምፁ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ላይ ሲሄድ ይመስላል። "ትርፍ ሰው" የተባለውን የፓንክ ባንድ የመሠረቱት ሁለቱ ናቸው። ፓንክ ማለት ለእነሱ የተማረ ሙዚቀኛ ጉዳይ አልነበረም። ጥቂት ኖታ፣ ብዙ ጩኸት፣ ሮጥ ሮጥ የሚል ምት፣ ቀን ሥራ ላይ የዋጡትን ነገር አደባባይ ወጥቶ መትፋት፤ በቃ ይኸው ነበር።

ባንዱን በከተማው ያሳወቀው ደግሞ አንድ ዘፈን ነው፤ "በሩን ክፈት" ይባላል። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ከለቀቀው ወዲህ ያልዘፈነው የለም። የኳስ ደጋፊዎች ስታዲየም በር ላይ ይሉታል። ከሥራ የተባረሩ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ፋብሪካው አጥር ሥር ቆመው ብለውታል። ሁሉም የየራሱን በር እያሰበ ነው የሚጮኸው። ዘፈኑ ስለ አንድ አናጢ አባት መሆኑን የሚያውቁት ግን የባንዱ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሸካራው ገና ጎረምሳ ሳለ ፀጉሩን ግራና ቀኙን ተላጭቶ፣ የተበደረውን ጊታር በጀርባው አዝሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አባቱ በመስኮት አዩት። በሩን ራሳቸው የሠሩት ነው፤ ወፍራም ሳንቃ፣ እንደ ክንድ የሚከብድ መቀርቀሪያ። ቀረቀሩበት። ዝናብ ነበር፤ አንኳኳ፣ ለመነ፣ ተሳደበ፣ አልተከፈተም። ሲነጋጋ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ካውያ ከላውንደሪው ጓሮ የተከራየቻት ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ። ልብሱን አድርቃ መልሳ እስክትተኩስለት ድረስ ብርድ ልብስ ለብሶ ሲያጉረመርም፣ ማጉረምረሙ ቤት መምታት ጀመረ። እሷ መተኮሻ ጠረጴዛውን በሁለት የልብስ መስቀያ እየደበደበች ምቱን አወጣችለት። ዘፈኑ በዚያ ጠዋት አለቀ።

"አባባ ወደ እንዲህ ያለ ጫጫታ ምን ያመጣቸዋል?" አለች ካውያ።

"ዘፈኑን ወዶት ነው የሚመጣው።"

"የትኛውን?"

ሸካራው አንገቱን ደፋ። የጎረቤት ልጆች መስኮታቸው ሥር እየዘፈኑት አባትየው አብረው ማንጎራጎር እንደ ጀመሩ ነገራት። እግራቸው ከተያዘ ወዲህ ነገር ዓለሙን የተዉት ሰውዬ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው "በሩን ክፈት" እያሉ በጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ ይመታሉ። አንድ ቀንማ ይሄ በር ዘግቶ የሚተኛ ጨካኝ ማን ነው ብለው ጠየቁት።

"ምን አልካቸው?"

"የፋብሪካ ባለቤት ነው አልኩት።"

ካውያ ሳቋ አመለጣት። ፊቱን ስታየው ግን ወዲያው ዋጠችው።

"ስልክ ላይ ያለው የመጀመሪያው ስንኝና አዝማቹ ብቻ ነው" አለ። "እኔ እንደጻፍኩትም አያውቅም፤ ሁለተኛውንም ስንኝ አልሰማውም። እሱን ከሰማ ደግሞ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም።"

እውነቱን ነው። አባትየው መጋዝ ሁለት ጣታቸውን የበላባቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛው ስንኝ ደግሞ እንዲህ ነበር የሚለው፦

በሩን ራስህ ጠረብክ፣ ልጁንም ራስህ ወለድክ፣
በሦስቱ ጣትህ ገፋህ፣ በሦስቱ ጣትህ ቀረቀርክ።

የባሰው ደግሞ አዘፋፈኑ ነው። ከመጀመሪያው አዝማች በኋላ ድራሙ ድንገት ይቆማል። ጊታሩም ቤዙም ጸጥ ይላሉ። ዘፋኙ ያን ስንኝ ያለ ምንም ሙዚቃ፣ እንደ ንግግር ይለዋል። ሌላው ዘፈን ሁሉ በጩኸት ቢያልፍ እንኳ ያቺ ስንኝ አትጠፋም፤ የሩቁም ሰው ቃል በቃል ይሰማታል።

"አታምጣቸዋ" አለች።

"እኔ ባላመጣው የሰፈሩ ልጆች በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፉ ያመጡታል። ቃል ገብተውለታል።"

"ታዲያ ምን ላድርግልህ?"

"ነገ ዘፈኑን ተዉት። መተው ካልቻላችሁ ሁለተኛውን ስንኝ ዝለሉት።"

"አሁን የምትዘፍነው ፌርማታ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ለእሷ ንገራት።"

"በቦታዋ ቆሜ የነበርኩ ሰው ነኝ። እኔ ብላት ቦታዬን መልሺ ያልኳት ነው የሚመስላት። አንቺ ንገሪልኝ።"

ካውያ ሱሪውን ከጠረጴዛው አንስታ ሰቀለችውና ሌላ ዘረጋች። 

"አባባ ስለዚያች ሌሊት አንስተውብህ ያውቃሉ? ይቅርታ ምናምን?"

"አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። አንሶላ እቀይርለታለሁ። እሱ ደግሞ እንቅልፍ ሲያጣ እኔን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ያድራል። እዚህ ደርሰናል፤ ከዚህ ወደ ኋላ እንዳትመልሱን ነው የምለው።"

ለዘፋኟ እነግራታለሁ፣ ቃል ግን አልገባልህም ብላ ሸኘችው።

ከሄደ በኋላ እጇ እየሠራ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ዋለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በባንዱ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ድራም ከመግዛቷ በፊት የዱቄት ሳሙና በርሜሎችን ገልብጣ ነበር የምትመታው። ያኔ የሚለማመዱት በክፍሏ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ሲሠሩ ነበር፤ ማሽኖቹ ስለሚጮሁ የእነሱን ጩኸት ጎረቤት አይለየውም ነበር። ጠባቧ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ተፋፍገው ያየቻቸው የላውንደሪው ባለቤት "እዚህ ቤት ትርፍ ሰው በዛ" ብትል ስሙ በዚያው ጸና።

የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሌሊት ተነስቶ ስለሚያቦካ ልምምድ ላይ ቆሞ ያንቀላፋ ነበር፤ ቤዙን እንደታቀፈ እንቅልፍ ሲወስደው ጣቱ ግን አይቆምም። አንድ ቀን በቃኝ አለና ተለያዩ። የተካው ደግሞ እጮኛው ከጫጫታውና ከእኔ ምረጥ ብትለው ለይስሙላ እንኳ ሳያስብበት እሷን መረጠ። የመጀመሪያው ጊታር ተጫዋች ከሁሉም የተሻለ ጣት የነበረው ሲሆን የሰርግ ባንድ ወሰደው። አሁን ክራባት አስሮ "ሙሽራዬ" ሲጫወት ታየዋለች፤ ከሩቅ ይጠቃቀሳሉ።

የዛሬው ጊታር ተጫዋች፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የገባው በኤሌክትሪክ ነው። መንገድ ዳር ሲጫወቱ ሽቦ የሚስቡት ከእሱ ሱቅ ነበር። ደንበኞቹ መቀስ በእጁ ይዞ በር ላይ እየቆመ አስቸገረን ብለው አማረሩ። የሰርጉ ሰው የሄደ ዕለት መቀሱን አስቀምጦ መጣና፣ መብራቱ የእኔ ከሆነ ጊታሩስ ለምን የሌላ ይሆናል አለ። ቤዙን ደግሞ ዛሬ የሚጫወተው ኤሌክትሪሻኑ ነው። የመጣው የፀጉር ቤቱን የተቃጠለ ፊውዝ ሊጠግን ነበር፤ ፊውዙን ያቃጠሉት እነሱ ናቸው። በዚያው ቀረ።

ሸካራው የለቀቀው አባቱ የወደቁ ሰሞን ነው። እናቱ ቀደም ብላ አርፋለች፤ እህት ወንድም የለውም። ካውያ ሄዳ ስትጠይቀው አባቱን ሲያጥብ አገኘችው። ያኔ ተመለስ ማለት አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘፋኝ ሞከሩ። አንዱ የመዘምራን ድምፅ ያለው ተማሪ ነበር፤ ስድቡን ሁሉ እንደ ውዳሴ እያሳመረ ዘፈነላቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ገድሎት ጊታሩን ጣለ።

ፌርማታን ያገኘቻት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ልጅቷ የሚኒባስ ረዳት ናት፤ በሩ ላይ ተንጠልጥላ የፌርማታዎቹን ስም ስትጠራ ከሞተሩም ከጡሩንባውም ከትራፊኩም ፉጨት በላይ ይሰማል። ካውያ መውረጃዋን አልፋ እስከ መጨረሻው ድረስ ተሳፈረች። ስትወርድ፣ ዘፍነሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሰው ከመጫን ሌላ አላውቅም አለች ልጅቷ። በመጀመሪያው ልምምድ ብዙ አልሆነላትም። "በሩን ክፈት" ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ግን፣ ድራሙ ቆሞ ያ ጸጥታ ሲመጣ፣ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቃላቱን አንድ በአንድ ስታወጣ ኤሌክትሪሻኑ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘፋኝ አልፈለጉም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሲለማመዱ ካውያ ነገሩን አነሳችው። ለሰስ አድርጋ ለመንገር አስባ ነበር፤ ግን የምታውቀው አንድ አነጋገር ብቻ ነው፣ ቀጥታ። የሸካራው አባት እንደሚመጡ፣ ዘፈኑ ስለ እሳቸው መሆኑን እንደማያውቁ፣ ልጃቸው ለነገ ብቻ ሁለተኛው ስንኝ እንዲቀር እንደለመነ ነገረቻቸው።

ፀጉር አስተካካዩ ምን ችግር አለው፣ ለአንድ ቀን ነው አለ። ኤሌክትሪሻኑ እናንተ እንዳላችሁ አለ፤ እሱ ሁልጊዜ እናንተ እንዳላችሁ ነው። ፌርማታ ግን የማይክራፎኑን ሽቦ እጇ ላይ ትጠቀልል ጀመር።

"አንቺስ?" አለች ካውያ።

"አልዘለውም።"

"ታማሚ ሽማግሌ ናቸው።"

"ሰምቻለሁ። አዝናለሁም። ግን አልዘለውም።"

ካውያ ቃሉን የጻፈው እሱ መሆኑን አስታወሰቻት። ፌርማታ ሽቦውን ለቀቀችው።

"የጻፈው እሱ ነው፣ አልካድኩም። የለቀቀውም እሱ ነው። እኔ አክስቴ ስትዘጋብኝ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ነው ያደርኩት፤ ሹፌሩ ጠዋት ሲያገኘኝ ከምታለቅሺ ተሳፋሪ ጥሪ አለኝ። ከዚያ ጀምሮ ስጮህ ነው የምውለው። ስጮህ ስውል ግን ማንም አይሰማኝም፤ የሚሰሙት የሚወርዱበትን ቦታ ነው። ያቺ ስንኝ ላይ ድራሙ ሲቆም ሰው ሁሉ ይሰማኛል። እሷን ነው ተዪ የምትይኝ?"

ካውያ በሉ እንሥራ አለችና ዱላዎቿን አነሳች። የተለማመዱት ዘፈኑን እንዳለ፣ ሁለተኛውን ስንኝ ጨምረው ነው። ለሸካራው ደውላ ፌርማታ እንዳልተስማማች ነገረችው። እሱም እሺ ይሁን አለ። ይሁን ያለው ግን ምኑን እንደሆነ አላወቀችም።

በማግስቱ ዝግጅቱ የነበረው በአሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ነው። መድረኩ ጎማ የሌለው የጭነት መኪና ጀርባ ነበር። ፀሐይዋ ገና አላዘነበለችም፤ ቆርቆሮው ይጋረፋል። ኤሌክትሪሻኑ ሽቦ ለሽቦ ሲያያይዝ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከሥራ መልስ መሆኑን ረስቶ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ጊታሩን ሲቃኝ፣ ካውያ የድራሞቿን እግር ከእንጨት ወለሉ ጋር በገመድ አሰረች፤ ካልታሰሩ ስትመታቸው እየሸሹ ያስቸግሯታል። ሰው ከጠበቁት በላይ መጣ። ያልመጣ የለም ማለት ይቻላል፤ ጋራዡ ውስጥ የሚሠሩ መካኒኮች ሳይቀሩ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል።

አባትየው የመጡት ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው። የሰፈር ልጆች መንገድ አስከፍተው ወንበራቸውን እስከ መድረኩ ሥር ድረስ ገፉላቸው። ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ካውያ ኮሌታውን አይታ የራሷን አተኳኮስ ለየችው። ሸካራው ከወንበሩ ኋላ ቆሞ እጀታውን ጨብጧል። ሽማግሌው ጫጫታው አላስደነገጣቸውም። እንዲያውም ድምፅ ማጉያውን፣ የመኪናውን ጀርባ፣ የእንጨት ወለሉን አንድ በአንድ ሲያዩ ወለሉ አሠራሩ እንዳልጣማቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ካውያ ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም። ወስኜ ነበር ብትል ውሸት ነው። ዘፈኑን ወደ መጨረሻ ለመግፋት ሞከረች፤ ሰዉ ግን አልታገሰም። አንዱ ጥግ "በሩን ክፈት" ብሎ ጀመረ፣ ግቢው ሁሉ ተቀበለ። ፌርማታ ዘወር ብላ አየቻት። ካውያ ዱላዎቿን አጋጭታ ቆጠረችና ጀመሩ።

ዝናቡ እኔ ላይ ነው፣ መብራቱ እናንተ ጋ፣
አንኳኩቼ ሞትኩኝ፣ ሌሊቱም አልነጋ።

ከዚያ አዝማቹ መጣ፤ በሩን ክፈት፣ በሩን ክፈት፣ ሰው ነው ያለው ከውጭ። መሬቱ ራሱ የሚጮህ መሰለ። ካውያ ሽማግሌውን አየች። የቀኝ እጃቸውን ከወንበሩ አንስተዋል፤ ሦስቱን ጣት ወደ ላይ አድርገው፣ ደም ሥራቸው አንገታቸው ላይ ተገትሮ፣ ከሰዉ ጋር "ክፈት" ይላሉ። ደስ ብሏቸዋል። ምናልባት አልጋ ከያዙ ወዲህ ከሰው ጋር አንድ ነገር ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። ሸካራው ዘፋኟን አላየም። ዓይኑን የጣለው ካውያ እጅ ላይ ነበር።

አዝማቹ አለቀ። እዚህ ላይ እጇ መቆም ነበረበት። አልቆመም።

ፌርማታ ትንፋሽ ስባ አፏን ከፍታለች። ጸጥታውን ስትጠብቅ ድራሙ ወረደባት። የመጀመሪያዎቹን ቃላት አወጣቻቸው፤ ማንም አልሰማቸውም። ኤሌክትሪሻኑ ግራ ገብቶት ካውያን አየ፣ እንደገናም አየ፣ ከዚያ ቤዙን አስከተለ። ፀጉር አስተካካዩም ተከተለ። ሰዉ ምኑንም ሳያውቅ አዝማቹን ደገመው፤ በሩን ክፈት፣ በሩን ክፈት። ፌርማታ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ካውያን ትክ ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ አንድ ሰው አውቶቡስ ጥሎት ሲሄድ የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር። ከዚያ ዞራ አዝማቹን አነሳች። ዘፈኑ አለቀ፤ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ።

ፌርማታ የቀሩትን ሁለት ዘፈኖች ዘፈነች። አንድም ቃል አላጎደለችም። ከጭነት መኪናው ኋላ፣ ከውኃ ሮቶው አጠገብ ሲገናኙ ፀጉር አስተካካዩ ዛሬስ ጉድ ሠራን እያለ ሊያሟሙቅ ሞከረ።  ኤሌክትሪሻኑ ነገሩን ሊያበርድ፣ ሙቀቱ ነው፣ ሰው በሙቀት ይሳሳታል አለ። ፌርማታ ፊቷን ታጥባ በቲሸርቷ አበሰች።

"ረስተሽ ነው?" አለች።

ካውያ መውጫው ታያት። አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ልጅቷም እንዲያልቅ ፈልጋ ነው የጠየቀቻት።

"አልረሳሁም" አለች። "አውቄ ነው።"

ፌርማታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አንድ የተጠራጠረችው ነገር እንደተረጋገጠላት ሰው።

"አክስቴ እንኳ ሰው ፊት አልዘጋችብኝም" አለች።

የማይክራፎኑን ሽቦ ጠቅልላ ለኤሌክትሪሻኑ ሰጠችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና በመካኒኮቹ ጉድጓድ ጥግ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። ካውያ እዚያው ቆማ ቀረች። ሽማግሌውን ከውርደት አዳንኩ ብላ ነበር። ልጅቷን የት እንዳስቀመጠቻት ግን ገና አሁን ነው የታያት።

የወንበሩ ጎማ ጠጠሩ ላይ ሲንኳኳ ሰምታ ዞረች። ሸካራው አባቱን እየገፋ ሊሰናበታት መጥቷል። ፊቱ ላይ ያለው ምስጋና አሳፈራት።

"መቺዋ አንቺ ነሽ ልጄ?" አሉ አባትየው። "ክንድ አለሽ። ወለሉን የሠራው ሰው ግን ይጠየቅ።"

"እሺ አባባ። ስለመጡልን እናመሰግናለን።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆቹ ይሄ ዘፈን ሌላም ስንኝ አለው ይሉኛል። እዚያ ጋ ስንደርስ አዝማቹን ደጋገማችሁና አለፈኝ። ምን ይላል?"

ሸካራው ከአባቱ ኋላ ሆኖ ራሱን ወዘወዘ፤ መወዝወዝ ሳይሆን ልመና ነበር። የለም አባባ፣ ልጆች ናቸው ማለት ቀላል ነበር። አንደበቷም ላይ መጥቶ ነበር። ግን ዛሬ አንድ ጊዜ ዘግታለች፤ ሁለተኛውን ለመዝጋት ክንዱም ልቡም አልነበራትም።

"አለው" አለች። "ዘፈኑን የጻፈው ልጅዎ ነው። እሱን ይጠይቁት።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩ። "አንተ?" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።  የሸካራው እጅ ከወንበሩ እጀታ ላይ ወረደ። ካውያ ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ለመስማት አልቆየችም። ጥቂት ራቅ ብላ ዘወር ስትል፣ ወንበሩ ግድግዳው ጥላ ሥር ቆሞ፣ ሸካራው ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ አየች። የሚናገረው ማን እንደሆነ ከዚያ አይለይም ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ድራሙን እንፍታው ወይ ብሎ ከኋላዋ ተጣራ።  እስከ ዛሬ የሄደውን ሁሉ እሺ ብላ ሸኝታለች፤ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ባለ እጮኛውን፣ የሰርጉን ሰው፣ ሸካራውንም። የሚሄድን ሰው መለመን ክብሯን የሚነካ ይመስላት ነበር። አሁን ከጋራዡ በር ወጥታ በእግረኛ መንገዱ ላይ ሮጠች። ፌርማታ ወደ ሚኒባሶቹ እየሄደች ነበር፤ የአንዱ ረዳት ከሩቅ አውቋት ነይ ግቢ እያለ በሩን ይዞ ይጠብቃታል።

"አንቺ!" አለች ካውያ። ትንፋሿ ከዚህ በላይ አልበቃትም። ቀረብ ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች። "በድያለሁ። አትሂጂ።"

ፌርማታ ዞር አላለችም፤ ቦርሳዋንም ከትከሻዋ አላወረደችም። ግን መራመዷን አቆመች። ረዳቱ እየጠበቃት መሆኑን አየችና፣ ሂድ ብላ በእጇ አሰናበተችው።